የሕመም ማስታገሻው ልክ ስንት ነው? በሰመመን ውስጥ የደም ግፊትን የማረጋጋት ሥራ

አንድ ሰው በሙሉ ሰመመን ኦፕራሲዮን ሊደረግለት ሲተኛ «አሞኛል» ብሎ የመናገር አቅሙን ለጊዜው ያስረክባል። ለሚቀጥሉት አንድና ሁለት ሰዓታት ስለ ሕመሙ የሚናገሩለት የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ናቸው። ከአልጋው ራስጌ የሚቆመው የሰመመን ባለሙያ ዓይኑን ከሞኒተሩ የማይነቅለውም ለዚሁ ነው። ግፊቱ ድንገት ሲያሻቅብ «ሕመሙ ተሰምቶት ይሆን?» ብሎ ያስባል፤ ሲያሽቆለቁል ደግሞ «መድኃኒቱን አብዝቼበት ይሆን?» ይላል። ለመሆኑ የማስታገሻው ትክክለኛ ልክ የትኛው ነው? ያ ልክስ እንዴት ታወቀ?

ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እናቱን ለሐሞት ጠጠር፣ አባቱን ለፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ይዞ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ሁሉ መልሱ ይመለከተዋል። በተለይ ታማሚው የደም ግፊት ያለበት ከሆነ።

እንቅልፍና ማስታገሻ አንድ አይደሉም

ሰመመን ሲባል ብዙ ሰው ከባድ እንቅልፍ ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥ እንደ ፕሮፖፎል ያለ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ወይም እንደ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ያለ የሚተነፈስ ጋዝ ንቃተ ሕሊናን ያጠፋል። ይሁን እንጂ አንጎል ተኛ ማለት ሰውነት ለጉዳት መልስ መስጠቱን አቆመ ማለት አይደለም። ቢላዋው ቆዳን ሲሰነጥቅ መልእክቱ በነርቭ በኩል ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ግንድ መድረሱን ይቀጥላል። አድሬናሊንና መሰሎቹ ይለቀቃሉ፣ የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፣ ልብ ይፈጥናል።

ይህን ልዩነት በቁጥር ያሳዩት የጋዝ ማደንዘዣ ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኤድመንድ ኤገርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ጋዞችን እርስ በርስ ለማወዳደር የሚያስችል መስፈርት አቀረቡ። መስፈርቱ ቆዳ ሲሰነጠቅ ከታማሚዎች ግማሾቹ የማይንቀሳቀሱበት የጋዝ መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ማይክል ሮይዘንና ባልደረቦቹ ሌላ ጥያቄ አነሱ፤ ታማሚው አለመንቀሳቀሱ ብቻ ሳይሆን የአድሬናሊኑ መልስም ጭምር እንዲታፈን ምን ያህል ጋዝ ያስፈልጋል? መልሱ የመጀመሪያው መጠን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ ይህን ያህል ጋዝ ራሱ የደም ግፊትን የሚጥል መሆኑ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ጋዙን ከማብዛት ይልቅ እንደ ፌንታኒል ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚጨምሩበት። ትንሽ ፌንታኒል የጋዙን ፍላጎት በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ከዚያ በላይ ማስታገሻውን ቢያበዙት ግን ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል፤ ጉዳቱ አያንስም።

ከባዷ ደቂቃ

በኦፕራሲዮን ውስጥ ግፊትን በጣም ከሚፈታተኑት ጊዜዎች አንዱ የሚመጣው ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ነው። ታማሚው እንደተኛ ባለሙያው ላሪንጎስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ ወደ ጉሮሮ አስገብቶ ምላስን ያነሳና የመተንፈሻ ቱቦውን ወደ አየር ቧንቧ ያሳልፋል። ጉሮሮ ነርቭ የበዛበት ቦታ ነው። በቂ ማስታገሻ ካልተሰጠ በሴኮንዶች ውስጥ ግፊቱ መነሳት ይጀምራል፤ ላይኛው ቁጥር በ40 ወይም በ50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሊዘል ይችላል። በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጣራው ላይ ይደርስና ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበርዳል። ጤነኛ የ25 ዓመት ወጣት ይህን ምንም ሳይሆን ያልፈዋል። የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ወይም በአንጎሉ ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ያለበት ሰው ግን ላያልፈው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቱቦው ከገባ በኋላ ታማሚው ይስተካከላል፣ ሆዱ በአዮዲን ይታጠባል፣ ጨርቅ ይለብሳል፤ ሐኪሞቹ ጓንት ያጠልቃሉ። በእነዚህ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ሰውነትን የሚያነቃቃ ምንም ነገር የለም፤ መድኃኒቱ ግን ሙሉ ኃይሉ ላይ ነው። ግፊት የሚወድቀው በአብዛኛው በዚህ ባዶ ጊዜ ነው። ቱቦው ሲገባ ግፊቱ እንዳይዘል ተብሎ የተጨመረው ማስታገሻ አሁን የመውደቁ አንዱ ምክንያት ይሆናል።

እዚህ ላይ ሰዓት ከመጠን እኩል ወሳኝ ነው። ፌንታኒል በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ሙሉ ኃይሉ ላይ የሚደርሰው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። አልፌንታኒልና ሬሚፌንታኒል የሚባሉት ዘመዶቹ ግን በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይደርሳሉ። ፌንታኒሉን ከእንቅልፍ መድኃኒቱ ጋር በአንድ ትንፋሽ ሰጥቶ ወዲያው ቱቦ የሚያስገባ ሰው ሁለቱንም ጉዳት ይሸምታል። ቱቦው ሲገባ ማስታገሻው ገና አልደረሰም፣ ሲደርስ ደግሞ የሚታገስ ሕመም የለም። ባለሙያው ይህን አይቶ «መጠኑ አንሷል» ብሎ ለቀጣዩ ታማሚ ቢጨምር ስህተቱን ያባብሰዋል፤ ያነሰው ደቂቃው ነበርና።

ሁለት ገደሎች

የግፊት መዝለል አደጋ ለሁሉም ግልጽ ነው። የመውደቁ አደጋ ግን ለረጅም ጊዜ ቀለል ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። «ተኝቷል፣ ግፊቱ ቢቀንስም ችግር የለውም» የሚለው አመለካከት በተለይ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ የወጣ ጥናት ከልብ ውጭ የተደረጉ 33,330 ኦፕራሲዮኖችን መዝገብ መርምሮ ነበር። አማካይ ግፊታቸው ከ55 በታች በወረደባቸው ታማሚዎች ላይ የኩላሊትና የልብ ጡንቻ ጉዳት በርክቶ ተገኘ፤ ግፊቱ ዝቅ ብሎ የቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች በሆነበት ጊዜ እንኳ። አማካይ ግፊት የሚባለው ብዙዎቻችን የምናውቀው 120 በ80 ሳይሆን ልብ አንድ ጊዜ መትታ እስክትደግም ድረስ ያለው ግፊት አማካይ ነው። ለ120 በ80 አማካዩ 93 ገደማ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደ። ለአደጋ የተጋለጡ 292 ታማሚዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን ላይኛው ግፊት ከእያንዳንዱ ሰው የተለመደ ግፊት አሥር በመቶ ሳይርቅ እንዲቆይ ተደረገ፤ ሌላው በተለመደው አሠራር ታከመ። የአካል ክፍሎች ሥራ መታወክ በመጀመሪያው ቡድን 38.1 በመቶ፣ በሁለተኛው 51.7 በመቶ ሆነ። ይሁንና ነገሩ በዚህ አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ 7,490 ታማሚዎችን ያካተተ ዓለም አቀፍ ጥናት አማካዩን ግፊት ከ80 በላይ ለማቆየት መሞከር ከ60 በላይ ብቻ ከማቆየት የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ጥናቶች ይጋጫሉ ከማለት ይልቅ የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው ማለት ይቀላል። አንዱ የእያንዳንዱን ሰው መነሻ ጠየቀ፣ ሌላው ለሁሉም አንድ ቁጥር አስቀመጠ።

ከፈንጂ ቤተ ሙከራ የመጣ ዘዴ

እንግዲህ ማስታገሻው ግፊቱ እንዳይዘል የሚበቃ፣ እንዳይወድቅ ደግሞ ያልበዛ መሆን አለበት። ይህን መጠን ለማግኘት ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ዘዴ ታሪኩ ያስገርማል። የተወለደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፔንሲልቬኒያ በሚገኝ ብሩስተን በተባለ የፈንጂ ምርምር ሥፍራ ነው። ጥያቄው ክብደት ከምን ያህል ከፍታ ቢወድቅበት ፈንጂው ይፈነዳል የሚል ነበር። አንድ ናሙና አንዴ ከተመታ በኋላ ቢፈነዳም ባይፈነዳም ተመልሶ አያገለግልም። ስለዚህ እያንዳንዷ ሙከራ ብዙ ማስተማር ነበረባት። መላው ቀላል ነው፦ ከፈነዳ ለቀጣዩ ናሙና ከፍታውን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ካልፈነዳ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ። ሙከራው ከፍ ዝቅ እያለ ግማሾቹ በሚፈነዱበት ከፍታ ዙሪያ ይሰበሰባል። ዲክሰንና ሙድ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች የዘዴውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተሙት።

የሰመመን ተመራማሪዎች ይህንኑ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት። የመጀመሪያው ታማሚ ለምሳሌ በኪሎ 2 ማይክሮግራም ፌንታኒል ይሰጠዋል እንበል። ቱቦው ሲገባ ግፊቱ ወይም የልብ ምቱ ከመነሻው ከ20 በመቶ በላይ ከጨመረ መጠኑ አልበቃም ይባልና ቀጣዩ ታማሚ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይሰጠዋል። ካልጨመረ ቀጣዩ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ይሰጠዋል። ከ20 እስከ 40 በሚደርሱ ሰዎች ብቻ መልስ ይገኛል። በመቶ የሚቆጠሩ ታማሚዎችን ለበዛ ወይም ላነሰ መድኃኒት ሳያጋልጡ መልስ ማግኘት ከሥነ ምግባርም አንጻር የሚደገፍ ነው።

ሆኖም የሚገኘው ቁጥር ምን እንደሆነ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ለግማሾቹ የሚበቃው መጠን ነው። ለግማሾቹ የሚበቃ መጠን ለሌሎቹ ግማሾች አይበቃም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መጠን በየዕለቱ ሥራ የሚሰጥ ባለሙያ የለም። ባለሙያው የሚፈልገው ከመቶ ለ95 ሰዎች የሚበቃውን ነው። ለዚህ ደግሞ ዘዴው ተሻሽሏል። ማስታገሻው ካልበቃ ሁልጊዜ ደረጃው ይጨምራል፤ ከበቃ ግን በዕጣ፣ ከ19 አንድ በሆነ ዕድል ብቻ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ሙከራው ወደ ላይኛው መጠን ተጠግቶ ይቆያል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «በቃ» የሚለው ቃል ነው። ጥናቱ «በቃ» ያለው ግፊቱ አለመዝለሉን ብቻ አይቶ ከሆነ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አማካይ ግፊቱ 50 የደረሰው ታማሚም «ተሳክቷል» ተብሎ ይቆጠራል። ውጤቱ በወረቀት ላይ ያምራል። አልጋው አጠገብ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የማስታገሻ መጠንን የሚናገር ጥናት ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ማይክሮግራም?» ሳይሆን «ግፊቱ የወደቀባቸው ስንት ነበሩ?» መሆን ይኖርበታል። ይህን ጥያቄ የማይመልሱ ጥናቶች ከሚገባው በላይ ይጠቀሳሉ ብል ማጋነን አይሆንም።

የመድኃኒቶቹ ነገር

ፌንታኒልን እ.ኤ.አ. በ1960 የሠሩት ቤልጅየማዊው ፖል ያንሰን ናቸው። ከሞርፊን መቶ እጥፍ ገደማ ይበረታል፤ ለዚህም ነው በሚሊ ግራም ሳይሆን በማይክሮግራም የሚለካው። በኪሎ 2 ማይክሮግራም ቱቦው ሲገባ የሚመጣውን የግፊት መዝለል ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በኪሎ 5 ወይም 6 ሲደርስ ሊያጠፋው ይቃረባል፤ ግን የልብ ምት መዘግየት፣ የግፊት መውደቅና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የትንፋሽ መድከም አብረው ይመጣሉ። ለአጭር ኦፕራሲዮን ይህ ኪሳራ ነው።

መብዛት ምን እንደሚያመጣ የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1969 በቦስተን ኤድዋርድ ሎወንስታይንና ባልደረቦቹ ልባቸው የደከመ ታማሚዎችን በከፍተኛ መጠን ሞርፊን ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳዩ። ቀጥሎ በ1970ዎቹ መጨረሻ በኪሎ ከ50 እስከ 100 ማይክሮግራም የሚደርስ ፌንታኒል መስጠት ተለመደ። ልብ ረጋች፤ ታማሚዎቹ ግን ለረጅም ሰዓታት በመተንፈሻ ማሽን ላይ መቆየት ነበረባቸው። ከዚያም በላይ ማስታገሻ ብቻውን እንቅልፍ ስለማያረጋግጥ በኦፕራሲዮኑ መካከል የነቁ ሰዎች ነበሩ። ልብ ረጋች ማለት ሰውየው ተኝቷል ማለት እንዳልሆነ የታየው በዚያን ጊዜ ነው።

ሬሚፌንታኒል እ.ኤ.አ. በ1996 ለአገልግሎት ሲፈቀድ ችግሩን የፈታው መስሎ ነበር። በደምና በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ባሉ ኤንዛይሞች ስለሚፈርስ ለስንት ሰዓት ቢንጠባጠብም ሲቆም በደም ውስጥ ያለው መጠን በሦስትና በአራት ደቂቃ በግማሽ ይቀንሳል። ፌንታኒል ግን ለብዙ ሰዓታት ከተንጠባጠበ ይህ ጊዜ በሰዓታት ይቆጠራል። ባለሙያው ሬሚፌንታኒሉን ቱቦ ሲገባ ከፍ፣ በባዶው ጊዜ ዝቅ፣ ቆዳ ሲሰነጠቅ እንደገና ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ነገር ግን ይህም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት በኦፕራሲዮን ጊዜ ብዙ ሬሚፌንታኒል የወሰዱ ታማሚዎች ጥቂት ከወሰዱት ይልቅ ከነቁ በኋላ የበለጠ እንዳመማቸውና ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሞርፊን እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል።

ዕድሜ ደግሞ ሁሉንም ቁጥር ይለውጣል። የ80 ዓመት አዛውንት ለተመሳሳይ ውጤት የሚያስፈልጋቸው ፌንታኒል የወጣት ግማሽ ገደማ ነው። ሬሚፌንታኒል የሚንጠባጠብበት ፍጥነት ደግሞ እስከ ሲሶ ይወርዳል። ጋዙም በየአሥር ዓመቱ ስድስት በመቶ ገደማ ያንሳል። «በኪሎ ይህን ያህል» የሚለው ቀመር የሰውየውን ክብደት ያውቃል፣ ዕድሜውን ግን አያውቅም።

«ለምን ማስታገሻውን ትተን ግፊቱን ብቻ በሌላ መድኃኒት አንይዘውም?» የሚል ሰው ይኖራል። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው 8,351 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ኦፕራሲዮን ከመጀመሩ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ሜቶፕሮሎል የተባለውን የልብ ምት አርጋቢ መድኃኒት አስጀመረ። የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጡንቻ በደም እጦት መጎዳት ቀነሰ፤ በአንጎል የደም ዝውውር መታወክ የሚመጣ ስትሮክ ግን ከ0.5 ወደ 1 በመቶ፣ ሞትም ከ2.3 ወደ 3.1 በመቶ ጨመረ። ፌንታኒልን በመሰሎቹ ፋንታ ዴክስሜዴቶሚዲን በሚባል መድኃኒት መተካትን የመረመረ የፈረንሳይ ጥናትም አምስት ታማሚዎች ላይ ልብ በከባድ ሁኔታ በመዘግየቱ ከጊዜው በፊት ቆሟል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

እኛ ዘንድ

በአገራችን ሰመመን በአብዛኛው የሚሰጡት በጎንደር፣ በጅማ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ የሠለጠኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው፤ በዘርፉ ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። በፓምፕ በየሴኮንዱ የሚለካ ሬሚፌንታኒል ለአብዛኞቹ ሆስፒታሎች የቅርብ ነገር አይደለም። ብዙ የሚሠራበት ኬታሚን ነው። ኬታሚን ያስተኛል፣ ሕመምም ያስታግሳል፤ ግፊትን ግን እንደ ሌሎቹ አይጥልም፣ እንዲያውም ከፍ ያደርገዋል። ደም ለፈሰሰው የአደጋ ተጎጂ ይህ በረከት ነው። ግፊቱ 180 ለሆነ አዛውንት ግን አይደለም።

ሌላው በብዛት የሚያጋጥመን በወገብ በኩል የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው፤ ለምጥ ኦፕራሲዮን የተለመደው እርሱ ነው። እዚህ የግፊት ጠላት ማደንዘዣው ራሱ ነው፤ ቡፒቫኬይን የደም ሥሮችን ስለሚያላላ የእናቲቱ ግፊት ይወድቃል፣ ታቅለሸልሻለች፣ ለጽንሱ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። ከ10 እስከ 25 ማይክሮግራም ፌንታኒል አብሮ ሲሰጥ ቡፒቫኬይኑን መቀነስ ይቻላል። እዚህም ያው የግማሽና የዘጠና አምስት በመቶ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት ከፌንታኒልና ከጥቂት ሞርፊን ጋር ለግማሾቹ እናቶች 7.6 ሚሊ ግራም ቡፒቫኬይን፣ ለ95 በመቶዎቹ ግን 11.2 ሚሊ ግራም እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ግፊቱ እንዳይወድቅ ብሎ ወደ ታችኛው ቁጥር የወረደ ባለሙያ በኦፕራሲዮኑ መካከል የሚያማት እናት ሊያጋጥመው ይችላል።

ከኦፕራሲዮን በፊት

በሞኒተሩ ላይ የሚታይ ግፊት ሁሉ ሕመም አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። የሞላ ፊኛ፣ በሚገባ ያልተነፈሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የቀለለ እንቅልፍ፣ ክንድ ላይ በትክክል ያልታሰረ መለኪያ ሁሉም ግፊትን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ባለሙያው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ታማሚውን አስቀድሞ ሲያውቀው ነው።

ስለዚህ ከኦፕራሲዮን በፊት የሰመመን ባለሙያው ሲጠይቅዎ የተለመደ ግፊትዎን በቁጥር ይንገሩት። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሳምንታት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የተለኩትን ጽፈው ቢይዙ፣ በኦፕራሲዮኑ ጠዋት በድንጋጤ ከፍ ብሎ ከሚለካው ይልቅ ይታመናል። የግፊት ኪኒኖችዎን ስም ይዘው ይሂዱ። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ይቁሙ ወይስ ይቀጥሉ የሚለው ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ 2,222 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት መቀጠላቸው ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጡ ችግሮችን እንዳልጨመረ፣ ነገር ግን በሰመመን ውስጥ ግፊት የወደቀባቸውን ከ41 ወደ 54 በመቶ እንዳደረሰ አሳይቷል። እንደ አቴኖሎል ያሉትን ደግሞ በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፣ አይቀጥሉም፤ ይጠይቁ።

ትራማዶል ወይም ሌላ ጠንካራ ማስታገሻ ለወራት የወሰደ ሰው ከተለመደው መጠን በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ተኝቶ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ሰው ደግሞ ከኦፕራሲዮን በኋላ ጥቂቱ ማስታገሻም ሊያዳክመው ይችላል። ጫትም አለ። በውስጡ ያለው ካቲኖን ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። ይህን አስታማሚ ዘመድ ባለበት ለመናገር የሚያፍር ሰው ብቻውን ሲሆን ለባለሙያው ሊነግረው ይችላል፤ የቃመው መቼ እንደሆነም ጭምር።